ጭስ በወር ስንት ብር ይበላል? በአንድ ደብተር የሚሠራ ሒሳብ

የእናቴ ማድ ቤት ገብታችሁ ቀና ብትሉ ጣሪያው ቆርቆሮ መሆኑን አታውቁም። ጥቀርሻው ከማገሩ ላይ እንደ ጥቁር ክር ተንጠልጥሏል። በሩ ሲከፈት ይወዛወዛል። አንዳንዴ ይበጠስና ሊጡ ላይ ያርፋል፤ እናቴም በጣቷ ጫፍ ታነሳዋለች፣ በነጠላዋ ጠርዝ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ አክንባሎውን ትከድናለች፣ ታስላለች፣ ደግሞ ፍልጡን ወደ ውስጥ ገፋ ታደርጋለች። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ስትጋግር ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ለእኛ ብቻም አይደለም፤ ለሰፈሩ ምግብ ቤት እንጀራ ታስረክባለች።

እኔ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስደምር እውላለሁ። የራሳችንን ቤት ጭስ ግን አንድም ቀን ደምሬው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣውን ጥናት አነበብኩ (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካላልኩ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በ2019 የአየር ብክለት በሰው ጤና ላይ ያደረሰው ጉዳት በገንዘብ ሲተመን 8.1 ትሪሊዮን ዶላር ሆኗል። የዓለም ጠቅላላ ምርት 6.1 በመቶ ነው። ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። እሳቱን እየቆሰቆሰች «ይሄን ሁሉ ብር ማን ከፈለው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወራ ገንዘቡ ከአንድ ትልቅ ካዝና የወጣ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ከቤት ከቤት ነው የተለቀመው። ስለዚህ እናንተም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን ድርሻ ማስላት ትችላላችሁ፤ አሰላሉን ስታውቁት ደግሞ የአገራት ቁጥር በሬዲዮ ሲነገር የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚወዳደር ይገባችኋል። ሁለቱንም እንዴት እንደምሠራው ላሳያችሁ።

ደብተሩ

50 ገጽ ደብተር ይበቃል። ስልክ ላይ መመዝገብም ይቻላል፣ ግን ማድ ቤት ውስጥ እጅ ሊጥ ነው። ደብተሩንና እርሳሱን በሩ ላይ በገመድ ማንጠልጠል ይሻላል። እኛ እንደዚያ አደረግን። እናቴ መጻፍ ስለማይቀላት በምልክት ተስማማን። ለአንድ ሸክም ማገዶ አንድ ሰረዝ፣ ሳል ሲያንገላታት ላደረችበት ሌሊት አንድ ክብ። በቃ። ማታ ማታ እኔ ወደ ብር እቀይረዋለሁ።

አንድ ወር ሙሉ ያዙ። ሳምንት አይበቃም፤ አንዱ ሳምንት ሰንበቴ አለበት፣ አንዱ ሳምንት እንግዳ ይመጣል፣ የጾሙ ወቅትና የፍስኩም የምጣዱን ሥራ ይለዋውጠዋል።

የመጀመሪያው መስመር ማገዶ ነው። ፍልጥም ሆነ ከሰል የገዛችሁትን በገዛችሁበት ዋጋ ጻፉ። ከግቢ የተለቀመ ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠልስ? እሱም ዋጋ አለው። ቅዳሜ ገበያ ወጥታችሁ ብትገዙት የምትከፍሉትን ጻፉበት። ኩበት የምታነዱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍሉት፤ ኩበቱ ባይነድ ኖሮ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ከአዘዞ ወጣ ብለው እርሻ ያላቸው ዘመዶቻችን ይህንን ሳስረዳቸው ገና ሳልጨርስ ነው የገባቸው፤ የማዳበሪያ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያውቁታልና።

ሁለተኛው መስመር ሕክምና ነው። እዚህ ላይ ሰው ይሳሳታል። ካርድና መድኃኒት ብቻ ጽፎ ይተዋል። የባጃጁን ሒሳብ ጻፉ። ታማሚውን ይዞ የሄደው ሰው ውጭ የበላውን ጻፉ። ሐኪም ሳያዩ ከመድኃኒት ቤት በቀጥታ የገዛችሁትን የሳል ሽሮፕ ጻፉ። ዳማከሴውና ፌጦው በነፃ ከጎረቤት የመጣ ከሆነ ተዉት፣ ከገበያ ከሆነ ግን ይጻፍ። እኛ ቤት ትልቁ ወጪ ሐኪም ቤቱ አልነበረም። ትንንሹ ነው፤ ዛሬ ሽሮፕ፣ ነገ የዓይን ጠብታ፣ ከነገ ወዲያ ባጃጅ። ማንም ሳያየው ይሄዳል።

ሦስተኛው የባከነ ቀን። እናቴ ደረቷን ይዟት ያልጋገረችበት ቀን ያ ቀን ሊገባ የነበረው ገንዘብ ቀርቷል ማለት ነው። ምግብ ቤቱ እስክትድን አይጠብቅም፤ ከሌላ ሴት ይወስዳል። እኔም እሷን ይዤ ሐኪም ቤት የዋልኩበት ቀን ይቆጠራል። ልጅ ከትምህርት ቤት ከቀረ ብር አትጻፉበት፣ ቀኑን ብቻ መዝግቡ፤ ቁጥሩ ሲጠራቀም ራሱ ይናገራል።

አራተኛውን መስመር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን እንዳትዘሉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ያልተከፈለበት ሰዓት ነው። እሳት ማያያዝ፣ እፍ ማለት፣ እርጥብ ፍልጥ ማገላበጥ፣ የጠቆረ ድስት መፈግፈግ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት ነጠላ ደጋግሞ ማጠብ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው። ደመወዝ ብቻ የሚቆጥር ስሌት የእናቶችን ሰዓት ዜሮ ያደርገዋል። ቤታችሁ ውስጥ ይህንን ሥራ ሰው ቀጥራችሁ ብታሠሩ በሰዓት ስንት ትከፍላላችሁ? እሱን ዋጋ ተጠቀሙ።

ሳሉ ሁሉ የጭስ ነው ወይ?

አይደለም። ሒሳቡ የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ጎንደር ወይና ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ጉንፋን አለ፣ በበጋ የመንገድ አቧራ አለ። የቤቱን በሽታ በሙሉ ጭስ ላይ ከጫናችሁት ቁጥሩ ትልቅ ይሆናል እንጂ እውነት አይሆንም፤ ባለቤታችሁም «አታጋኚ!» ቢላችሁ መልስ አይኖራችሁም።

ባለሙያዎቹ እንዴት እንደሚለዩት በቀላሉ ላስረዳ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናት በሳንባ ምችና መሰል በሽታ የመያዝ ዕድላቸውን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል ይላል። እጥፍ ምን ማለት ነው? ጭስ በሌለባቸው ቤቶች 10 ልጆች ቢታመሙ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳሳይ በሆኑ ጭስ ባለባቸው ቤቶች 20 ይታመማሉ። ከ20ው ውስጥ 10ሩ በጭሱ የመጡ ናቸው። ግማሽ። ስለዚህ ለልጅ ሳንባ ምች ያወጣችሁትን ወጪ ግማሹን ጭሱ ላይ ጻፉት።

ለአዋቂ ሳል እኔ ሁለት ጊዜ አሰላለሁ፤ አንዴ ሲሶውን፣ አንዴ ግማሹን ለጭሱ እሰጣለሁ። አንድ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል መልስ ይወጣል። ታላላቆቹ ጥናቶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ግምታቸውን ከዝቅተኛና ከከፍተኛ ጋር ነው የሚያወጡት፣ ዜናው ላይ ሲደርስ ግን መሐለኛዋ ብቻ ትቀራለች።

አሁን እንደምረው። ዋጋው በየሰፈሩና በየወቅቱ ስለሚለያይ ለማሳያ ክብ ክብ ቁጥር ነው የምጠቀመው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩበት። ቤቱ በወር 18,000 ብር ያገኛል እንበል። ሕክምና ከነባጃጁ 900 ብር። እናት 3 ቀን አልጋገረችም፣ በቀን 400 ብር፣ 1,200። ልጅ አንድ ቀን ከሥራ ቀረች፣ 600። ድምሩ 2,700 ብር። ሲሶው 900፣ ግማሹ 1,350 ነው። ከገቢው ጋር ሲነጻጸር ከ5 እስከ 7.5 በመቶ። አሁን ያልተከፈለበትን ሰዓት ጨምሩበት፤ በወር 20 ሰዓት፣ በሰዓት 40 ብር፣ 800 ብር። በግማሹ ስሌት 1,350 ላይ 800 ስንደምር 2,150 ብር፣ 12 በመቶ ገደማ።

አያችሁ? ጭሱ ያው ነው፣ ቤቱ ያው ነው፣ ወሩ ያው ነው። የምትቆጥሩት ነገር ሲለወጥ 7.5 በመቶ የነበረው 12 ይሆናል። ይህንን ያዙልኝ፤ የአገራቱ ቁጥር ላይ እንመለስበታለን።

ማገዶውን እዚህ ድምር ውስጥ አላስገባሁም። ማገዶ ምግብ አብስሏል፣ ጥቅም ሰጥቷል። እሱን ምድጃ ለመቀየር ስናስብ ነው የምንፈልገው።

ወሩ ሲያልቅ የራሳችንን ድምር ለእናቴ አነበብኩላት። ክቦቹን በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች። ዝም አለች። ከዚያ «ለካ እኔ ነኝ የከፈልኩት» አለች።

የአገራትን ቁጥር ስታነቡ

አንድ ዜና «ብክለት ለዚህ አገር ይህን ያህል ቢሊዮን ዶላር አስከፈለ» ሲል መጀመሪያ የምትጠይቁት በምን ዘዴ እንደተሰላ ነው። ዋነኞቹ ዘዴዎች ሁለት ናቸው።

አንዱ የደብተራችን ዘመድ ነው። ሰው በመታመሙና በመሞቱ ሳይሠራ የቀረውን ሥራ፣ ሳያገኝ የቀረውን ገቢ ይቆጥራል። ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው። ማራኪ ሰፈር 10,000 ሰው አለ እንበል። ከእነሱ መካከል በዓመት 2 ሰው በጭስ ይሞታል፤ አንድ ሥራ ቢሠራ ግን 1 ብቻ ይሞታል። ለዚህ ሥራ እያንዳንዱ ስንት ያዋጣል? ሁሉም 100 ብር ካለ 1 ሚሊዮን ብር ተዋጣ፣ አንድ ሰውም ተረፈ። ያ 1 ሚሊዮን የአንድ ሞት መተመኛ ይሆናል። የሰው ዋጋ ነው ማለት አይደለም። ሰው ሞትን ከራሱ ለማራቅ ካለው ላይ ምን ያህል እንደሚቆርስ ነው የሚለካው።

የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ሕይወትን ከደመወዝ በላይ አድርጎ ማየቱ ነው። ጡረታ የወጣውም፣ ቤት የምትውለዋም ይቆጠራሉ። የሚያመኝ ግን አንድ ነገር አለ። ኪሱ የሳሳ ሰው ብዙ ማዋጣት አይችልም። ስለዚህ በድሃ አገር የአንድ ሰው ሞት በዶላር ሲተመን ያንሳል። የእናቴ ሳንባ ከኖርዌይ ሴት ሳንባ ስላነሰ አይደለም፤ መቀነቷ ውስጥ ያለው ብር ስላነሰ ነው። የዶላር ዝርዝር ላይ ሀብታም አገራት ከላይ፣ እኛ ከታች ሆነን ስታዩ «እኛን ብዙም አልጎዳንም» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት።

የሁለቱን ዘዴ ልዩነት በቁጥር እዩት። የዓለም ባንክ በ2016 ባወጣው ጥናት የ2013ን ዓመት በሁለቱም ዘዴ አስልቶታል። በጠፋ የሥራ ገቢ ሲሰላ ኪሳራው 225 ቢሊዮን ዶላር ነው። በሁለተኛው ዘዴ ሲሰላ 5.11 ትሪሊዮን። ያው ዓመት፣ ያው ሟቾች፣ ልዩነቱ ግን ከ22 እጥፍ በላይ። ስለዚህ አንዱን አገር በአንዱ ዘዴ፣ ሌላውን በሌላው ዘዴ አስልቶ ጎን ለጎን የሚያቀርብ ሰው ሳያውቀው ያሳስታችኋል።

ምሳሌ ልስጥ። በ2021 ላንሴት ፕላኔታሪ ሄልዝ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ብክለት በ2019 ኢትዮጵያን ከጠቅላላ ምርቷ 1.16 በመቶ እንዳሳጣት አስልቷል። ጋናን 0.95 በመቶ፣ ሩዋንዳን 1.19 በመቶ። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለደቡብ እስያ ያወጣው 10.3 በመቶ ነው። «ደቡብ እስያ ከእኛ ዘጠኝ እጥፍ ተጎዳ» ልትሉ ነው? ቆይ! የኢትዮጵያው በጠፋ ምርት ነው የተሰላው፣ የደቡብ እስያው በሁለተኛው ዘዴ። አይወዳደሩም። የሚወዳደረው የህንድ ነው፤ እሷም ለ2019 በጠፋ ምርት ተሰልቶላት 1.36 በመቶ ወጥቷል። ከእኛ ብዙም አይርቅም። ደቡብ እስያን ከሰሜን አሜሪካ ጋር ማወዳደር ከፈለጋችሁ ግን ሁለቱም በዓለም ባንኩ ስሌት አሉ፤ 10.3 በመቶና 1.7 በመቶ።

ቀጥሎ ዶላሩን መርምሩ። የኢትዮጵያው ኪሳራ 3.02 ቢሊዮን ዶላር፣ የህንዱ 36.8 ቢሊዮን ዶላር ተብሏል። እዚህ አንዲት ዘዴ አለችኝ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሳላደርጋት አላልፍም። ዶላሩን ለመቶኛው አካፍሉት። 3.02 ቢሊዮን ሲካፈል ለ1.16 በመቶ 260 ቢሊዮን ይመጣል። የኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት በ2019 በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ ግን 100 ቢሊዮን እንኳ አልሞላም። ታዲያ 260ው ከየት መጣ? ዶላሩ በመግዛት አቅም የተስተካከለ ዶላር ነው። አንድ ዶላር ጎንደር ላይ የሚገዛው ጤፍና ኒው ዮርክ ላይ የሚገዛው ዳቦ እኩል ስላልሆነ ባለሙያዎች ያስተካክሉታል። የህንዱን ስታካፍሉት 2.7 ትሪሊዮን ይመጣል፤ እሱ ተራው የባንክ ዶላር ነው። ስለዚህ 3.02ንና 36.8ን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ኪሎን ከሊትር ጋር ማወዳደር ነው። መቶኛውን ያዙ፣ ዶላሩን ተዉት።

ሦስተኛው ጥያቄ የትኛው አየር ነው የሚል ነው። የቤት ውስጡ ወይስ የመንገዱ? ያው የላንሴት ጥናት በ2019 አፍሪካ ውስጥ 1.1 ሚሊዮን ሰው በአየር ብክለት እንደሞተ ያሳያል። ከነዚህ 697,000ው በቤት ውስጥ ጭስ፣ 394,000ው በውጭ አየር ነው። ህንድ ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ከ1.67 ሚሊዮን ሟቾች ወደ 980,000 የሚሆኑት በውጭ አየር ብናኝ ነው የሞቱት፣ 610,000ው በቤት ውስጥ። ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ይወስናል። ዴልሂ ላይ ፋብሪካ፣ መኪናና የሰብል ቃጠሎ ላይ መዝመት ያስኬዳል። እኛ ጋ ግን ከመንገዱ በፊት ማድ ቤቱ ነው።

መንገዱም አለ እርግጥ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚያቃስት አሮጌ አይሱዙ ከኋላው ሆኖ የተከተለ ሰው ያውቀዋል። በየጥጉ የሚቃጠል ፌስታልም አለ፤ እሱን ማቃጠል ዛሬውኑ ማቆም እንችላለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ያ የሚታይ ለውጥ እስኪያመጣ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ጽዳቱ ያዋጣል ወይ ለሚል ሰው የአሜሪካን ሒሳብ አሳዩት። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው በ1990 የተሻሻለው የንፁህ አየር ሕግ በ2020 የሚያስወጣውን ወጪ 65 ቢሊዮን ዶላር፣ ጥቅሙን ወደ 2 ትሪሊዮን ዶላር ገምቶታል። አንድ ዶላር አውጥቶ 30 መመለስ ነው። ለንደንም እንዲህ ንፁህ ሆና አልተወለደችም። በታኅሣሥ 1952 የከሰል ጭስና ጉም ከተማዋን አምስት ቀን አፍኗት በመጀመሪያው ግምት ብቻ 4,000 ሰው ሞተ፤ የንፁህ አየር ሕጓ የወጣው በ1956 ነው።

ቁጥሩን ይዛችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

«ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለወጡ እውነት ይሆናል። ለሳንባና ለኪስ ግን ጉልቻ መቀየር ብዙ ነገር ነው።

ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሰል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ደብተራችሁ ላይ ያለውን የማገዶ ድምር ለሁለት ክፈሉት። በወር 1,500 ብር ማገዶ ከገዛችሁ 750 ይተርፋል። ምድጃው 1,500 ብር ቢሆን በሁለት ወር ዋጋውን መለሰ። ይህ ቀላሉ ሒሳብ ነው።

ግን እንዳልዋሻችሁ። ማገዶ በግማሽ ቀነሰ ማለት በሽታ በግማሽ ቀነሰ ማለት አይደለም። ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ሕፃናት በተካተቱበት ጥናት ከፊሎቹ ቤተሰቦች የተሻሻለ የማገዶ ምድጃ ተሰጥቷቸው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የልጆቹ ሳንባ ምች አልቀነሰም። ጭስ ቢቀንስም የቀረው ሳንባ ለመጉዳት ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ አየር በማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ የጭሱ ብናኝ ከሚፈቀደው 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል ይላል። 100 የነበረ 50 ሲሆን አሁንም ብዙ ነው። ስለዚህ የተሻሻለ ምድጃ ስትገዙ ያተረፋችሁትን የማገዶ ብር ጻፉ፤ የሕክምናውን ግን ክቦቹ ሲቀንሱ እስክታዩ አትደምሩት።

ጭሱን ከሥሩ የሚነቅለው ኤሌክትሪክ ነው። የመብራት ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ብትጋግሩ 7 ኪሎዋት ሰዓት። በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ በወር 84። ይህንን የመብራት ደረሰኛችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት፤ ፍጆታ ሲጨምር ታሪፉም በደረጃ ስለሚጨምር የላይኛውን ደረጃ ተጠቀሙ። ከማገዶው ጋር አወዳድሩት። ብዙ ቤት ላይ ልዩነቱ ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው። ተከራይ ከሆናችሁና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ግን ምጣዱን ከመግዛታችሁ በፊት ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፣ ደብተሩንም አሳዩት። ሽቦውንም ኤሌክትሪሺያን ይየው፤ ምጣድ በቀጭን ሽቦ ላይ አይሰካም፣ የራሱ መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል፣ እናውቃለን። ምርጥ ምድጃውን ለዚያ ቀን አስቀምጡት፣ ጉልቻውን አፍርሱት። ጉልቻው እስካለ ድረስ እጅ ወደ ለመደው ይሄዳል።

ገንዘብ እስኪገኝ በነፃ የሚደረግም አለ። ፍልጡን ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ እርጥብ እንጨት ከጉልበቱ ከፊሉ ውሃ ማትነን ላይ ነው የሚያልቀው፣ የሚጨሰውም ለዚያ ነው። ከምጣዱ ትይዩ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ቀዳዳ ይከፈት። ሕፃን በጀርባ ታዝሎ አይጋገር። ይህ የመጨረሻው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጁን የሚይዝ ሰው ከሌለ እናት ምን ታድርግ? የዚያን ሁለት ሰዓት ልጅ መያዝ የሌላው የቤቱ ሰው ሥራ ይሁን። አባት ካለ አባት ይያዝ።

ከሰል ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እባካችሁ በደንብ አንብቡት። ከሰል ሲፍም ጭስ የለውም፣ ሰውም ንፁህ ይመስለዋል። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ጎንደር ሌሊት ይበርዳል ብላችሁ ምድጃ መኝታ ክፍል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ቡና ሲፈላም መስኮቱ ይከፈት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ቡናውን ትታችሁ ውጡ። ይህ ደብተር ላይ የሚሰፍር ወጪ አይደለም።

ደብተሩ ሌላም የማይዘው ነገር አለ። ስትሮክ፣ የልብ ሕመም፣ የሳንባ መጥበብ፣ የዓይን ሞራ ከዓመታት በኋላ ነው የሚመጡት፤ የወር ድምር ውስጥ አይገቡም። የአገራቱን ቁጥር እንዲያ ያገዘፉት ደግሞ ሞቶቹ ናቸው። ስለዚህ የእናንተ ድምር የመጨረሻው ትንሹ ግምት ነው። ለባለቤታችሁ፣ ለአከራዩ ወይም ለቀበሌው ስታቀርቡት ይህንን ጨምራችሁ ንገሩ።

በጋ ላይ ጀምራችሁ ከሆነ ሐምሌ ሲገባ ሌላ አንድ ወር ያዙ። ክረምት ላይ ፍልጡ ይረጥባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እሳቱ አልያዝ ብሎ ይጨሳል። እኛ ጥርና ሐምሌን ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። የሐምሌ ገጽ በክብ ጠቁሯል። እናቴ ገጹን ገልበጥ አድርጋ ባዶው ላይ አዲስ መስመር እንድከፍት ጠየቀችኝ፤ ምን ብዬ ልጻፍበት ስላት «የምጣድ እቁብ» አለችኝ።